ወረቀቱ ሲያልቅ የሚቀረው ወንበር

ጋሼ ወረቀታቸውን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት የቆረጡት ቦታ ጠቧቸው ነው። መጋዘናቸው ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ፣ የቤት ዕቃ በጅምላ ከሚያከፋፍሉበት ሱቅ በላይ ነበር። ግማሹ ፔርሙስና ብርጭቆ፣ ግማሹ ወረቀት። ወረቀቱ ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀመ ነው፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የባንክ ሰነድ፣ የደረሰኝ ቀሪ፣ የኪራይ ውል፣ ለክፍለ ሀገር ደንበኞች የተጫነ ዕቃ ማሸኛ። ከፊሉ በክላሰር፣ ከፊሉ በካርቶን፣ ከፊሉ አፉን በሲባጎ በታሰረ ማዳበሪያ ውስጥ ተቀምጧል። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ቁልፋቸውን በጣታቸው እያዞሩ፣

«ይሄ ወረቀት ኪራይ አይከፍልም» አሉኝ። «እንዳልጥለው ደግሞ አንድ ቀን ይጠየቃል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ክተተውና ስጠራው ይምጣልኝ።»

ያኔ መሳለሚያ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። ያገኙኝም እዚያ ነው። የተጨማደደ ውል ሊያስገለብጡ መጥተው፣ እኔ ወረቀቱን በእጄ ጀርባ ስዳምጠው፣ የታጠፈውን ጥግ ሳቀና፣ የወጣውን ቅጂ ጠማማ ነው ብዬ ቀድጄ ሌላ ሳነሳ አይተዋል። ለቀደድኩት እንዳላስከፈልኳቸውም አይተዋል። የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። የተማርኩበት ቦታ የለም። ኮምፒውተር የለመድኩት ደንበኛ የጣለውን የተበላሸ ማሽን እየፈታሁ፣ የቀረውን ደግሞ ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። «እዚሁ ነው የለመድኩት» አልኳቸው። ከዚያ ብዙም አልጠየቁኝም።

በጋሼ ቢሮ ውስጥ፣ ወደ ሱቁ ቁልቁል በሚያሳየው መስኮት ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ነበር። መጀመሪያ ቀን ያንን አሳዩኝ።

«ወረቀቱ ሲያልቅ እዚህ አንድ ሰው ይቀመጣል» አሉ። «ሰው ሲመጣ ሰነዱን ፈልጎ የሚያወጣለት። ቋሚ ሥራ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

አንድ ሰው አሉ እንጂ አንተ አላሉም። እኔ ግን በልቤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ውዬ ነው ቤት የገባሁት። ማታ ለእናቴም ቋሚ ሥራ አገኘሁ አልኳት።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ወረቀት ስካነር ማሽን ውስጥ መክተት ብቻ ይመስላል። ትልቁ ሥራ ከማሽኑ በፊት ነው። የስቴፕለር ሽቦ ይነቀላል፤ የዛገው ሽቦ ወረቀቱን ይዞ እንዳይቀደድ በቢላ ጫፍ ቀስ ተብሎ ነው። የተለጠፈው ፕላስተር በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ተደርጎ ይላቀቃል። አቧራው በቀለም መቀቢያ ብሩሽ ይጠረጋል፣ አለዚያ የማሽኑ መስታወት ላይ ተቀምጦ በየገጹ መሐል ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምራል። የካርቦን ቅጂዎቹ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ስለሚሳሱ በላስቲክ ማኅደር ውስጥ ሆነው ነው የሚያልፉት። ማሽኑ ፎቶ ከማንሳት ያለፈ አያውቅም፤ ከፎቶው ላይ ፊደሉን የሚያነበው ሌላ ፕሮግራም ነው። እሱም የታተመውን ያነባል፣ የእጅ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ግን ይንተባተባል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ሰነድ ስም እሰጠዋለሁ፤ ዓመተ ምሕረት፣ ወር፣ የሰነዱ ዓይነት፣ የባለቤቱ ስም ከነአባቱ። ባዶ የሆነውን ማዳበሪያ ደግሞ በተነሳው ወረቀት መልሼ እሞላና በውስጡ ያለውን ዓመትና ወር ጽፌበት አስረዋለሁ። አንድም ጠማማ ገጽ አላሳልፍም። ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህ መሐል እሷ መጣች።

ጋሼ ሥራው ዘገየባቸው። «አንተ ወረቀቱን አስገባ፣ ስሙን የሚጽፍ ሌላ ሰው እናምጣ» ብለው የአንድ ደንበኛቸውን ጎረቤት አመጡ። ከኮሌጅ በጽሕፈት የተመረቀች፣ በኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ ነች። ጣቶቿ ሲተይቡ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላሉ። ኮምፒውተሯን የምታስቀምጥበት ሌላ ጠረጴዛ ስለሌለ መስኮቱ ሥር አስቀመጧት። «ለጊዜው ነው» አሉኝ፣ እኔ ምንም ሳልናገር። እኔ በመጋዘኑ ውስጥ ከማሽኑ ጋር ቀረሁ። በመካከላችን መስታወት ያለው በር አለ። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ቀና ባደረግኩ ቁጥር የማየው ጀርባዋን ነው፤ ወንበሩ ላይ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስም አወጣችልኝ። አንዱን ደረሰኝ ጠማማ ነው ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሳነሳው በበሩ ብቅ ብላ አየችኝ።

«አባ ሚሊሜትር» አለች። «ወረቀቱን ልትድረው ነው?»

ሱቅ ያሉት ልጆች ሰሙ። ከዚያ በኋላ ተሸካሚው ሁሉ ካርቶን ሲያመጣልኝ «አባ ሚሊሜትር፣ የት ላርገው?» ይለኝ ጀመር። አልከፋኝም ብዬ ፈገግ እል ነበር።

ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሰነድ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ወረቀቱን ማን እንዳጸዳው፣ ሽቦውን ማን እንደነቀለው አያይም። ሰው የሚያየው ያገኘችለትን ነው። የጅማ ነጋዴ ይመጣል፣ ድሮ የወሰደውን ዕቃ ማሸኛ ይጠይቃል፣ እሷ ሁለት ቃል ትጽፋለች፣ ወረቀቱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሰውየው መዳፉን ዘርግቶ ይመርቃታል። «እጅሽ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ።» እሷ ደግሞ ምርቃቱን አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ሳታፍር፣ እስከ መጨረሻው ትቀበላለች። «አሜን፣ አሜን፣ አሜን።» እኔ ከመስታወቱ ማዶ ሽቦ እየነቀልኩ እሰማለሁ። ያ ወረቀት በአይጥ ሽንት ተጣብቆ የመጣ ነበር። ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ደረጃውን ሲወጡ ደክሟቸው እኔ ጋ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው። ስማቸውን ነገሩኝ፣ የትኛው ዓመት እንደሆነም ነገሩኝ። ልነሳና ልፈልግላቸው ስል፣

«ግዴለም ልጄ፣ አትቸገር» አሉ። «ያቺ የምታውቀው ልጅ የለችም?»

የምታውቀው ልጅ። ቃሉ ሰነበተብኝ።

በስም አወጣጡም ተጣልተናል፤ መጣላት ከተባለ። እኔ ያወጣሁት ሥርዓት ስምና የአባት ስም ነው። እሷ ከጎኑ አንድ ዓምድ ጨመረች። ዓምዱን ስከፍተው «ባለ ጥርሱ» ይላል። ቀጥሎ «ሁለት በር»። ቀጥሎ «የጅማው ቀጭኑ»።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«የሚጠሩበት ነው።»

«ሰነድ ላይ እንዲህ አይጻፍም።»

«ሰነዱ ላይ አልጻፍኩም፣ መፈለጊያው ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ የሰው የአባት ስም ማን ያውቃል? ጋሼን ራሳቸውን ጠይቃቸው።»

አልጠየቅኩም። ግን በዚያው ቀን ጋሼ በስልክ እያወሩ ወደ እሷ ዞረው «እስቲ የሁለት በርን ውል አውጪልኝ» አሉ፣ ወጣላቸው። ስልኩን ሳይዘጉ «ማሻአላህ» አሉ። ከኔ ሥርዓት ተነስታ፣ እኔ ያላሰብኩትን ጨምራ፣ ማሻአላህ ተባለችበት። ማታ እቤት ገብቼ እኔም ልጨምረው የምችለውን ዓምድ ሳስብ አመሸሁ። ምንም አልመጣልኝም። የሚመጣልኝ ሁሉ ለመጠንቀቅ እንጂ ለመገናኘት አይረዳም።

ይህን ስጽፍ ክፉ ሴት እንዳላስመስላት እፈራለሁ። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ምሳዋን ሳታካፍለኝ አትበላም። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ሽቦ ስነቅል መጥታ ታበራልኝ ነበር። ሰው ሲያመሰግናት ደግሞ ወደ መስታወቱ በር እየጠቆመች «እሱ ነው የሚያነሳው» ትላለች። ሰውየው ዞር ብሎ ያየኛል፣ በአገጩ ሰላም ይለኛል፣ ይመለሳል። በዚህች ቅጽበት ከምንም ጊዜ በላይ እቀና ነበር። ምስጋናን እስከማካፈል የተረፋት ሰው ነች፤ እኔ ደግሞ የምታካፍለኝን የምጠብቅ።

ዓርብ ዓርብ የጁምዓ ሶላት ሲደርስ መንገዱ በሰጋጅ ይሞላል። ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሼ ምንጣፋቸውን ይዘው ይወርዳሉ፣ ካርቶን አንጥፎ የሚቀመጠው ሰው እስከ ደረጃችን ሥር ይደርሳል። እኔና እሷ ሶላቱ እስኪያልቅ ፎቁ ላይ እንቀራለን። ያን ሰዓት ማሽኑንም አላስነሳም፤ ድምፁ ይሰማል ብዬ። አንድ ዓርብ መስኮቱ ጋ ቆማ ቁልቁል እያየች፣

«ወረቀቱ እያለቀ ነው አይደል?» አለችኝ።

«እያለቀ ነው።»

«እኔ ይሄን ወንበር እፈልገዋለሁ» አለች። እንዲሁ፣ ውሃ እፈልጋለሁ እንደሚባለው። «ቋሚ ነው ብለውኛል። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ትስቃለህ፣ ትውላለህ። ጋሼን ልጠይቃቸው ነው። አንተስ?»

ያን ወንበር ከሷ በፊት እንደፈለግኩት፣ ማታ ማታ እናቴ «ቋሚው ሥራ እንዴት ነው?» ስትለኝ ምን እንደምመልስ ልነግራት እችል ነበር።

«እኔ ግድ የለኝም» አልኩ። «የሆነው ይሁን።»

«እውነት?»

«እውነት።»

ትንሽ አየችኝና ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ከታች ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ሰገደ።

በማግስቱ ወይም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ከሸማ ተራ አንድ ሽማግሌ መጡ። ነጠላና ጋቢ ነው የሚሸጡት። ከጋሼ ጋር ከአባቶቻቸው ጀምሮ የመጋዘን ጎረቤቶች ናቸው። ከዚህኛው ሌላ፣ ሸማ ተራ ያለውን ሰፊ መጋዘን ሁለቱ ቤተሰብ ያለ ግድግዳ፣ በቃል ብቻ ተካፍለው ነው የኖሩት። አሁን ሁለቱም እያረጁ ነው፤ ልጆቹ እንዳይጣሉ በብሎኬት እንለየው ተባብለዋል። ግን መስመሩ በየት በኩል እንደሆነ ሁለቱም እርግጠኛ አይደሉም።

«ወንድምህ ነፍሱን ይማረውና» አሉ ሽማግሌው ለጋሼ፣ «እኔ ለሠርግ ፔርሙስ ከሱ ገዝቼ፣ በዚያው ስለ መጋዘኑ ተነሳና ሥሎ አሳይቶኛል። ምሰሶው ጋ ነው ያለኝ መሰለኝ። ቀሪው እናንተ ጋ ነው።»

«የት ላይ ሣለው?» አሉ ጋሼ።

«ደረሰኙ ጀርባ ላይ ነዋ። ሌላ ወረቀት መቼ ነበረው?»

እሷ «ፔርሙስ» እና «ሸማ ተራ» ብላ ጻፈች። ወጣ። እኔ ያነሳሁት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ አንዲት ጉድፍ የሌለበት። ጋሼና ሽማግሌው ተጠጉ። የፊቱ ገጽ ብቻ ነው ያለው።

«ጀርባውስ?» ብላ ወደኔ ዞረች።

«ጀርባው ባዶ ነው። ማሽኑ ሁለቱንም ገጽ ያነሳል፤ ባዶ ባይሆን ይመጣ ነበር።»

«አየኸው?»

«ማሽኑ ያየዋል።»

«አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

ማሽኑን የገጠመው ባለሙያ ሲያስተካክለው ባዶ ገጽ እንዲዘል አድርጎት ሄዶ ነበር። ማሽኑ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ ደብዛዛ ጽሑፍንና ባዶ ወረቀትን አይለይም። መርካቶ ውስጥ ዋናው ነገር የሚጻፈው የት እንደሆነ ደግሞ ማሽን የሠሩት ሰዎች አያውቁም። ፊቱ ለመንግሥት ነው፣ ጀርባው ለሰው። ሳህኑ ተሰብሮ መመለሱ፣ ዕቃውን የወሰደው የማን ወንድም እንደሆነ፣ የሚቀጥለው ጭነት የት እንደሚራገፍ፣ ሁሉም ጀርባ ላይ ነው።

የተነሳው ወረቀት ማዳበሪያ ውስጥ ሆኖ ከታች ወረቀት ገዢውን እየጠበቀ ነበር። ሰውየው ወስዶ ለቅመማ ቅመም ሻጮች ያከፋፍለዋል፤ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ይጠቀለልበታል። በሚቀጥሉት ቀናት ሊመጣ ቀጠሮ ነበረው። እሷ ከወንበሩ ተነስታ ደረጃውን ስትወርድ ሰማኋት፣ ተከትያት ወረድኩ። ማዳበሪያዎቹ ላይ ዓመቱና ወሩ ስለተጻፈ ትክክለኛውን ለማግኘት አልተቸገርንም። ውስጡም ባነሳሁት ተራ ነው የተደረደረው። እኔ ፈታሁት፣ እኔ ገለጥኩ፣ ደረሰኙ እጄ ላይ ነበር። ገልብጬ ወደ ብርሃን አዞርኩት፤ በእርሳስ የተሠራ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ በግራና በቀኝ የሁለቱ ቤተሰብ ስም። እሷ «እስቲ» ብላ ከእጄ ወሰደችውና ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

እኔ ማዳበሪያውን መልሼ ማሰር ነበረብኝ። ክፍት ከተተወ ይበታተናል። ስደርስ ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው ጀምረዋል።

«አንቺን የወለደ ማሕፀን ይባረክ። የነካሽው ይባረክ። የጀመርሽው ይፈጸም። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።»

ክፉ ዓይን ሲሉ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

«አሜን» አለች። «አባባ፣ ማዳበሪያውን በሥርዓት አድርጎ የሠራው ግን እሱ ነው። እሱ ባይሆን አናገኘውም ነበር።»

«አንተም ተባረክ» አሉኝ። እንደ ምራቂ ተጨመረልኝ።

ጋሼ ግን አልሳቁም። «ስንቱ ነው ጀርባው የቀረው?» ብለው ጠየቁ። «ሁሉም» አልኩ። ወረቀት ገዢው እንዲቆይ ተነገረው፣ ማዳበሪያዎቹ ተመልሰው ወጡ፣ እኔም ሥራውን እንደገና ጀመርኩ።

ያ ጊዜ ለቅናቴ ጥሩ ማገዶ ነበር። ጋሼ አልተቆጡኝም፤ የተበሳጩት በማሽን ገጣሚው ነው። የኔ ንዴት ሌላ ነበር። ምርቃቱን ትውሰድ፣ ሳቁን ትውሰድ፣ ወንበሩንም ትቀመጥበት፤ ዝርዝር ግን የኔ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ጎደሎ ነገር ካለ የማየው እኔ ነኝ። አሁን በራሴ ሥራ ላይ፣ በራሴ ዓይን ፊት፣ የጎደለውን ያየችው እሷ ሆነች። ያየችውም ተጠንቅቃ አይደለም። ሽማግሌውን እየሰማች ስለነበረ ነው። እኔ ሽማግሌው ሲያወሩ ገጹ ቀጥ ማለቱን እያየሁ ነበር።

እልህ ያዘኝ። እያንዳንዱን ጀርባ በዓይኔ እያየሁ፣ ብርሃኑን እየጨመርኩና እየቀነስኩ አነሳሁ። እርሳሱ እንዲደምቅ የሚያደርግ አሠራር ከስልኬ ላይ ፈልጌ ለመድኩ። ከባዶ ነጭ ውስጥ የሞተ ሰው የእጅ ጽሑፍ ቀስ ብሎ ሲወጣ ማየት ብቻዬን የማደንቀው ነገር ነበር። የጋሼ ወንድም ሥዕል ይወዱ ኖሯል። ደንበኛ ሲጠብቁ የሣሏቸው ማንቆርቆሪያዎች፣ ጫማዎች፣ አንዲት ተኝታ ያለች ድመት በየጀርባው ተገኙ። ጋሼ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ እሷ አጠገብ ቆመው ስክሪኑ ላይ አዩአቸው። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ በመስታወቱ አየሁ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው የሆነ ነገር አሏት፣ እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ ተቀበለች። ድመቷን ያወጣኋት እኔ ነኝ። ልነሳና ልገባ አሰብኩ። ገብቼ ምን እላለሁ? የካርቦን ቅጂ ማሽኑ ውስጥ ስለነበረ እንዳይቀደድ ብዬ ተቀመጥኩ።

የመጨረሻው ማዳበሪያ ሲያልቅ ጋሼ ሁለታችንንም ጠሩን። ከከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ተመልሰው ሻያቸውን እየጠጡ ነበር። እሷ ወንበሩ ላይ ነች፣ እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ።

«አለቀ አይደል?»

«አለቀ ጋሼ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ መጋዘን አለው፣ ወረቀቱ ከኔ የባሰ ነው። አንዳችሁ ማሽኑን ይዛችሁ እሱ ጋ ትሄዳላችሁ። አንዳችሁ እዚህ ትቀመጣላችሁ። እኔ ልምረጥ ብል አንዱን አስቀይማለሁ።» ወደኔ ዞሩ። «አንተ ቀድመህ የመጣህ ነህ። አንተ በል። ማን ይቀመጥ?»

ይህን ጥያቄ ሳልመው ነው የኖርኩት። መልሱንም ደጋግሜ አዘጋጅቼዋለሁ፤ እኔ ብቀመጥ ሰነዱን ከነጀርባው አውቀዋለሁ፣ ማሽኑ ላይ እሷንም ማሠልጠን እችላለሁ። አፌን ከፈትኩ።

«እሷ ብትቀመጥ ይሻላል» አልኩ። «ሰው ለምዷታል።»

እኛ ቤት ሲያሳድጉኝ ምሳ ሲቀርብ «አይ፣ በልቻለሁ» ይባላል፤ ከዚያ «ሞቴን» ተብሎ ይለመናል፤ ከዚያ ይበላል። በር ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ «ይግቡ»፣ «አይ እርስዎ ይግቡ» ሲባባል ይቆያል እንጂ አንዱ ዝም ብሎ አይገባም። እኔ ወንበሩን ለሷ ስሰጥ የሰጠሁት እንደዚያ ነው። ጋሼ «ኧረ ተው፣ አንተ እያለህ?» እንዲሉኝ፣ እሷ «እሱ ይሁን እንጂ ጋሼ» እንድትል፣ እኔ ደግሞ ትንሽ ተለምኜ እንድቀመጥ። ይህን የሚሉበት ፋታ ለእያንዳንዳቸው ትቼላቸው ነበር። ጠበቅኩ።

ጋሼ ግን ዕድሜ ልካቸውን የነገዱ ሰው ናቸው። የሚስማማቸው ዋጋ በመጀመሪያው ቃል ከተጠራላቸው አይከራከሩም።

«ጥሩ ብለሃል» አሉና ሻያቸውን አነሱ። «እኔም እሱን ነበር የማስበው።»

እሷን አየኋት።

«እሺ ጋሼ» አለች። «አመሰግናለሁ።» ከዚያ ወደኔ፣ «አንተንም አመሰግናለሁ።»

በቃ። ከዚያ በላይ አልተባለም። ጋሼ ስለ እህታቸው ልጅ መጋዘን ያወሩኝ ጀመር፤ የት በኩል እንደሆነ፣ ማሽኑን በጋሪ ወይስ በታክሲ ብወስደው እንደሚሻል። አዎ አዎ እላለሁ፣ አልሰማቸውም። ያን ቀን የቀናሁት በወንበሩ አልነበረም። «እሺ» በማለቷ ነው። ሰው ሲሰጣት እሺ ብላ መቀበሏ፤ ምርቃቱንም፣ ምስጋናውንም፣ ወንበሩንም። እኔ የማላውቀው ሥራ ይሄ ነው፣ ከቪዲዮም አልለምደውም።

ከጋሼ ቢሮ ስንወጣ ደረጃው ላይ ፊቴን አየችው መሰለኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ፈልገኸው ነበር እንዴ?»

አንድ ደረጃ ወረድኩ።

«እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር» አለች፣ አሁን ሳቋ ጠፍቶ። «ያን ጊዜ እፈልገዋለሁ ብትለኝ አልከራከርህም ነበር። አሁን ቢሆን እኮ... ተመልሼ ልንገራቸው?»

ይኸው፣ ልመናው መጣ። ዘግይቶ፣ ግን መጣ። አዎ ንገሪያቸው ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አይ፣ ምን ሆነሻል» አልኩ። «ግድ የለኝም አልኩሽ እኮ።»

ትንሽ አመነታች። አመነችኝ ወይም ለማመን መረጠች። እኔ ብሆን ደግሜ እጠይቅ ነበር፤ ምናልባት አልጠይቅም።

ማሽኑን ከመውሰዴ በፊት ማኅደሮቹን ላስረክባት ተመልሼ ሄድኩ። የትኛው ዓመት የት እንደተቀመጠ፣ ጀርባዎቹ ከፊቶቹ ጋር እንዴት እንደተያያዙ፣ የጋሼ ወንድም ሥዕሎች ለብቻ በየትኛው ማኅደር እንዳሉ አንድ በአንድ አሳየኋት። በጥሞና ነው ያዳመጠችኝ፣ ትጽፋለች፣ ያልገባትን ትጠይቃለች። ከታች ተሸካሚዎቹ «አባ ሚሊሜትር፣ ጋሪው መጥቷል» እያሉ ይጣራሉ። እኔ ከወንበሩ ጎን ጎንበስ ብዬ ስክሪኑ ላይ በጣቴ እየጠቆምኩ ነው።

«ወገብህን ያምሃል» አለች። «እስቲ ትንሽ ተቀመጥበት፣ እኔ ልቁም።»

«አይ» አልኩ፣ «ቆሜ ይሻለኛል።»

«እሺ» አለችና ወደ ስክሪኑ ተመለሰች።